አሮጊቷ ነገ ትታሰራለች

ኪራኮስ በገዛ ጋራዡ፣ በገዛ መኪናው ውስጥ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ እንደተቀመጠ ሞቷል። ጉንጩ ቀልቷል፤ ላየው ሰው ከብርድ ገብቶ ሙቀት ያገኘ እንጂ የሞተ አይመስልም። የሞተር ጭስ የገደለው ሰው እንዲህ ነው። ቆንጅት ይህን ቅላት በዚህ ክረምት ደጋግማ ስላየችው አልደነገጠችም፤ ደከማት እንጂ።

ቆንጅት በካልጋሪ የሜዲካል ኤግዛሚነር ቢሮ መርማሪ ናት። ሰው ድንገት ሞቶ ሲገኝ ፖሊስ ይጠራታል፤ እሷም አስከሬኑንና ቤቱን አይታ፣ የቅርብ ሰዎቹን ጠይቃ፣ አሟሟቱን ለሐኪሙ ታስረዳለች። ድሮ ነርስ ነበረች። ሃምሳን አልፋለች፤ ጉልበቷ ደረጃ አይወድም፣ ጆሮዋ ደግሞ ውሸት አይወድም። የሌሊት ሺፍቷን ጨርሳ ሜይላንድ ሃይትስ ካለው ቤቷ ገብታ አንዱን ቡትስ እንዳወለቀች ነበር ስልኩ የጮኸው። «ሟቹ ያገርሽ ሰው ስለሆነ አንቺ ብትሄጂ ይሻላል» አሏት። በዚህ ከተማ ሐበሻ ሁሉ ለእሷ ሲል የሚሞት ነው የሚመስላቸው። ያወለቀችውን ቡትስ መልሳ አጥልቃ፣ በልቧ አለቃዋን እየረገመች፣ ሟቹ ወደሚኖርበት ወደ ኦግደን ሰፈር ነዳች።

«ግልጽ ነው» አለ ሳጅን ማክሊን፣ እጁን በብብቱ ወትፎ። «መኪናውን ሊያሞቅ አስነሳ፣ በሩን ሳይከፍት ተቀመጠ፣ በዚያው አሸለበ። በየክረምቱ የምናየው ነው።»

«ምን ይሠራ ነበር?»

«እዚህ የባቡሩ ጥገና ቦታ መካኒክ ነው። ከዚያ በፊት የመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ነበር አሉ።»

«ዕድሜውን ሙሉ ከሞተር ጋር በተዘጋ ክፍል የኖረ ሰው፣ በሩን ሳይከፍት ሞተር አስነሳ» አለች ቆንጅት። ሳጅኑ ትከሻውን ነቀነቀ።

የሟቹን ኮፍያ በቀስታ አነሳች። ከማጅራቱ በላይ ያበጠና የደም ክር የተጋገረበት ቦታ ነበር። ኮፍያው ውስጥ ግን ደም የለም፤ ሰው በኋላ ያጠለቀለት ነው። ከዚያ ዓይኗን ወደ ወለሉ መለሰች። ከባዱ የብረት መሥሪያ ጠረጴዛ ከግድግዳው ጋር ተለጥፏል፤ ከመሀል ተጎትቶ እንደመጣ ሲሚንቶው ላይ የቀረው አዲስ ጭረት ይናገራል። ጠረጴዛው መሀል ላይ ሳለ እዚህ መኪና ቀርቶ ብስክሌትም አይገባም።

ወደ ውጭ ወጣች። ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል። በካልጋሪ ክረምት መኪናው ውጭ የሚያድርበት ሰው፣ ሞተሩ በብርድ እንዳይደርቅ የማሞቂያውን ገመድ ቤቱ ሶኬት ላይ ሰክቶ ነው የሚተኛው። በኪራኮስ ቤት የውጭ ግድግዳ ላይ ሶኬቱ አለ፤ መሰኪያውም እንደተሰካ ነው። ገመዱ ግን ተበጥሶ በረዶው ላይ ተጋድሟል። ቀሪው ቁራጭ ከመኪናው አፍንጫ ሥር ተንጠልጥሎ ጋራዡ ውስጥ ገብቷል።

«ሳጅን፣ ጠዋት መኪናህን ከማንቀሳቀስህ በፊት መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«እነቅላለሁ፤ ገመዱን። ማን ይረሳል?» አለ። ተመልሶ ሶኬቱን አየው። «እስከ ከሰዓት ጊዜ ልስጥሽ?»

«እስከ ከሰዓት ይበቃኛል፤ ከዚያ በላይማ እኔም በእግሬ አልቆምም።»

ሬሳውን ያገኘችው ብርቅነሽ ኩሽና ውስጥ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። ሠላሳ ቢሞላት ነው። ፊቷ ላይ እንባ የለም፤ አንድ ጊዜ አልቅሶ የጨረሰ ሰው ፊት ነው። ቆንጅት አጠገቧ ተቀመጠች።

«እትዬ ቆንጅት፣ እኔ እኮ ልፈልገው ነበር የመጣሁት። ጠዋት መጥቶ ሊወስደኝ ነበር፤ ሲዘገይብኝ ባስ ይዤ መጣሁ።»

«ወዴት ልትሄዱ?»

ብርቅነሽ ወደ በሩ አየች። «ጠበቃው ለማንም አትናገሩ ብሎን ነበር።»

«ከአሁን በኋላ ዝም ብትዪ የምትጠቅሚው ኪራኮስን አይደለም።»

ታሪኩ ቀስ እያለ ወጣ። ባሏ መርዕድ «ማሪስካ» በምትባል የጭነት መርከብ ላይ መርከበኛ ነበር። እሷ ቀድማ በስደት ካናዳ ገብታለች፤ እሱ መርከቧ ቫንኩቨር ስትደርስ ወርዶ ሊመጣላት ነበር። መንገድ ላይ የጭነት ማንሻው ገመድ ተበጠሰና ሞተ። የመርከቧ ሰዎች ግን «ሰክሮ ወደቀ» አሉ። ቫንኩቨር ሲደርሱ ከሦስት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሻንጣው ብቻ ወረደ። ሦስቱም ጥገኝነት ጠይቀው ካልጋሪ ቀሩ። አንዱ ኪራኮስ ነው።

«ልጄ ያኔ ሆዴ ውስጥ ነበረች» አለች ብርቅነሽ። «አሁን ቆማ ትሄዳለች። ነገ አባቴ እንዴት ሞተ ስትለኝ ሰክሮ ልበላት? መርዕድ እኮ ጠጅ እንኳ አይቀምስም ነበር። እኔ የምፈልገው ሰክሮ አልነበረም የሚል አንድ ወረቀት ነው፤ የፍርድ ቤት ማኅተም ያለበት።»

«መርከቧስ?»

«ዛሬ ቫንኩቨር ናት። ስንዴ ጭና ማታ ትሄዳለች። ጠበቃው ምን አለ፣ መርከቧን እናሳስራታለን። እዚሁ ዳውንታውን ያለው ፌደራል ኮርት ወረቀቱን ያወጣል፤ እዚያ ወስደው መርከቧ ላይ ይለጥፉባታል፤ ከዚያ ንቅንቅ የለም። ግን ያየ ሰው መማል አለበት፤ ኪራኮስ ዛሬ ሊምል ነበር። የማንሻው ገመድ ተበልቶ እንደነበር እሱ ያውቃል።»

«ይህንን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ለመኳንንት እንኳ አልነገርኩም፤ ኪራኮስ አስምሎኝ ነበር።» ጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት አዞረች። «መኳንንት ከሦስቱ አንዱ ነው፤ የመርከቧ ዋና መካኒክ ነበር። በፋሲካ ልንጋባ ነው። ልጄ አባባ ነው የምትለው።»

ቆንጅት ቀለበቱን አየችው። 

ሦስተኛው ሰው አባይነህ ታክሲውን በሩ ላይ አቁሞ ራሱ መጣ፤ ወሬው በታክሲው ሬዲዮ ሳይሆን አይቀርም የደረሰው። የመርከቧ ምክትል ካፒቴን ነበር። ግዙፍ፣ ኮስታራ፣ ስልሳ የተጠጋ ሰው ነው። ብርቅነሽ ሲገባ አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቆንጅት ይዛው ወደ ጓዳ ገባች።

«ለምንድን ነው የማታይዎት?»

«መርዕድ ሰክሮ ነበር ብዬ ለወደብ ፖሊስ የተናገርኩት እኔ ነኛ» አለ፣ ሳይግደረደር። «ካፒቴኑ እንዲህ በል አለኝ፤ አልኩ። ሰክሮ አልነበረም።»

«ኪራኮስን መቼ አገኙት?»

«ትናንት ማታ ሥራ ላይ እያለሁ ሜሴጅ ትቶልኛል፤ ጠዋት ነው የሰማሁት። አሮጊቷ ነገ ቫንኩቨር ትታሰራለች፣ ደውልልኝ ይላል። አሮጊቷ የምንላት መርከቧን ነው።»

«ሲሰሙ ምን አሉ?»

«እኔ ምን አገባኝ አልኩ። ያቺን ዝገት ሄጄ ላያት ነው? ወደቡ ላይ ገመድ ጥላ ትቁም፣ ባሕር ትግባ፣ አልደርስባትም።»

«መኪናዎ ውጭ ነው የሚያድረው?»

«ታዲያ ማን ጋራዥ ሰጠኝ? ተሰክቶ ያድራል። ጠዋት ሳልነቅል ብነዳ ኖሮ እስካሁን ስንት ገመድ እገዛ ነበር!»

ቆንጅት አመስግናው ከሰዓት እንዲመለስ ነገረችው። እሱም ለመውጣት ሲል ብርቅነሽ አጠገብ አንድ አፍታ ቆሞ ወጣ።

መኳንንት የሚኖረው ዳውንታውን አንድ ፎቅ ላይ ነው። ቆንጅት ምድር ቤት ባለው ሞቃት ፓርኪንግ መኪናዋን አቁማ፣ ጓንቷን አውልቃ፣ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች። እዚያው ብትተኛ ደስ ባላት። ግን ሊፍቱ መጣ።

መኳንንት ምራቁን የዋጠ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ሻይ አቀረበላት፤ ወንበሩን ወደ ማሞቂያው አስጠጋላት። የሕፃን መጫወቻ ሶፋው ሥር ወድቋል። የኪራኮስን ሞት ብርቅነሽ ደውላ ነግራዋለች፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ወንድሜ ነበር» አለ። «ትናንት ራሱ ደውሎ ነበር፤ አላገኘኝም። ይስሙት፤ አላጠፋሁትም።» ስልኩ አጠገብ ያለውን የመልእክት መቀበያ ተጫነ።

የሟቹ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ ፈጠን ያለ፣ ደስ ያለው ድምፅ። «መኳንንት፣ ኪራኮስ ነኝ። አሮጊቷ ነገ ቫንኩቨር ትታሰራለች። ደውልልኝ።» ካሴቱ ቀጭ አለና ቆመ።

«መልሰው ደወሉለት?»

«የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ነው። ስደውል አያነሳም፤ ለካ…» እጁን ፊቱ ላይ ጣለ። «ልመክረው ነበር። ባለቤቶቹ በማግስቱ ዋስ ጠርተው ይወስዷታል፤ ብርቅነሽ በከንቱ ተስፋ ታደርግና እንደገና ልቧ ይሰበራል ልለው ነበር። ስንት ጊዜ ታልቅስ?»

«ለእሷ አስበው ነው።»

«ለማን ላስብ ታዲያ?»

ቆንጅት ሻይዋን ጨለጠች። እውነቱን ነው፤ ለእሷ ያስባል። የከፋውም ይኸው ነበር። ሊፍቱ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፋ ወረደች፤ ከመኪናዋ ሳትነሳም ለሐኪሙና ለጠበቃው ደወለች። ሐኪሙ የደሙን ውጤት ነገራት። ጠበቃው ደግሞ ሰዓቱን እያየ ነበር፤ የፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ከመዘጋቱ በፊት የሚምል ሰው ካልመጣ መርከቧ አመለጠች ማለት ነው።

«ዋስ ጠርተው ቢያስለቅቋትስ ምን ትጠቀማለች?» ስትል ጠየቀችው።

«ዋስ ከጠሩ መልስ ለመስጠት ተገደዱ ማለት ነው፤ ክሱ ይሰማል። ዋናው መያዟ ነው። ካመለጠች ግን ባለቤቶቹን የት አግኝቼ ልከሳቸው? አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ናቸው።»

«ይህን ለሌላ ሰው ነግረሃል?»

«ወሬው ከወጣ ካፒቴኑ ጭነቱን ጥሎ ይሄዳል። ለጸሐፊዬም አልነገርኩም።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም የኪራኮስ ኩሽና ውስጥ ተሰበሰቡ። ብርቅነሽ ቦታዋን አልለወጠችም። መኳንንት ከጎኗ ተቀምጦ እጇን ይዟል። አባይነህ ማቀዝቀዣውን ተደግፎ ቆሟል። ሳጅን ማክሊን በሩ ላይ ነው፤ አማርኛው ባይገባውም ፊት ማንበብ ያውቃል። ቆንጅት አንድ ወንበር ስባ በረጅሙ ተነፈሰችና ተቀመጠች።

«ቁሜ ብናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ ጉልበቴ እምቢ አለ» አለች። «ኪራኮስ በአደጋ አልሞተም። መኪናውን ወደ ጋራዥ ያስገባው እሱ አይደለም። ጠረጴዛውን ለጠዋት አንዲት ጉዞ ብሎ አይጎትትም፤ መኪናውም ውጭ ተሰክቶ ሲሞቅ ያመሸ ነው፤ ገብቶ የሚሞቅበት ምክንያት የለም። ያስገባው ሰው ደግሞ ገመዱን ሳይነቅል ነው የነዳው። መኪናው በረዶ ላይ የሚያድርበት ሰው ይህን አይረሳም፤ እጁ ራሱ ያስታውሰዋል። አቶ አባይነህ ይሰካሉ። ብርቅነሽ መኪና የላትም፣ መንዳትም አትችልም። እርስዎ ግን፣ አቶ መኳንንት፣ ሞቃት ፓርኪንግ አለዎት።»

መኳንንት ፈገግ ለማለት ሞከረ። «በዚህ ከተማ ሞቃት ፓርኪንግ ያለው ሰው ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው?»

«አይደለም። ለዚህ ነው አንድ ሌላ ነገር የምጠይቅዎት። መርከቧ ተከሳ እንደምትያዝ ማን ነገረዎት?»

«ኪራኮስ ነዋ። ሜሴጁን አብረን ሰምተን የለ?»

«ሜሴጁ ትታሰራለች ነው የሚለው።» ወደ አባይነህ ዞረች። «ይኸው ቃል እርስዎም ዘንድ ደርሷል። ትታሰራለች ሲልዎት ምን ገባዎት?»

«ወደብ ትገባለች፣ ገመድ ጥላ ትቆማለች» አለ አባይነህ፣ ግራ እየተጋባ። «መርከብ ሌላ ምን ይታሰራል? ስንት ዓመት ያሰርናት እኛው አይደለን?»

«መርከበኛ እንዲያ ነው የሚሰማው። ኪራኮስም ቃሉን አውቆ ነው የመረጠው፤ ደስ ብሎታል፣ ግን ምስጢር ነው፤ ስለዚህ በሁለት በኩል የሚሄድ ቃል ጣለላችሁ። የደወለለትን ሰው በአካል ሊያስረዳው ነበር። አቶ መኳንንት፣ እርስዎም እንደ አቶ አባይነህ ዕድሜዎን የጨረሱት መርከብ ላይ ነው። ታዲያ ትታሰራለች ሲልዎት፣ እርስዎ ስለ ዋስ ያወሩኝ ከየት አምጥተው ነው? ወደብ ላይ ገመድ የጣለች መርከብ ዋስ አትጠራም።»

 መኳንንት የብርቅነሽን እጅ ጠበቅ አደረገ።

«እሷ ነግራኝ ነዋ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ልንጋባ አይደል? ባልና ሚስት ምን ይደባበቃል? ንገሪያት እንጂ፣ ብርቅዬ።»

ሁሉም ወደ ብርቅነሽ ዞሩ።  አንዲት «አዎ» የልጅቷን አባባ ያተርፋል። ብርቅነሽ ወደ መኳንንት ፊት ቀና ብላ አየች፤ አንድ ነገር እንዲላት የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ከዚያ እጇን ከእጁ ውስጥ መዘዘች።

«አልነገርኩህም» አለች። «ልነግርህ ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጣ። አልነገርኩህም፣ መኳንንት።»

«መርከቧ እንደምትያዝ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እሷ፣ ጠበቃውና ኪራኮስ» አለች ቆንጅት። «እሷ አልነገረችም። ጠበቃውም አልነገረም። ስለዚህ የነገረዎት ኪራኮስ ራሱ ነው፤ ከሜሴጁ በኋላ፣ በአፉ። ትናንት ማታ እዚህ መጥተዋል ማለት ነው። እንዲህም ያለዎት ይመስለኛል፤ ነገ ስለ ማንሻው ገመድ እምላለሁ። ገመዱን ደግሞ ማን ይጠብቅ ነበር? ዋና መካኒኩ።»

«ይቆይ፣ ወደብ ስንገባ እንቀይረዋለን ነበር ያልኩት!» መኳንንት ለብርቅነሽ ብቻ ነበር የሚናገረው፤ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ የሌለ ይመስል። «ኪራኮስ ገመዱ ተበልቷል ሲለኝ ይቆይ አልኩ። ሁሉም መርከብ ላይ ይቆያል ይባላል። ከዚያ መርዕድ… ሻንጣውን ይዤልሽ ስመጣ ልነግርሽ ነበር። በሩን ስትከፍቺ በሆድሽ ያለውን አየሁ። ዛሬ ልንገራት፣ ነገ ልንገራት ስል ልጅቷ አባባ አለችኝ። ኪራኮስን ለመንኩት፤ የኔን ስም ተወው አልኩት። እሷ ካንተ ብትሰማ ይሻላል አለኝ። ገፋሁት። ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ሞተ። እኔ ያደረግኩት፣ ከሞተ በኋላ…»

«አልሞተም ነበር» አለች ቆንጅት። ይህን ባትናገር በወደደች። «ደሙ ጭስ ሞልቷል። የሞተ ሰው ጭስ አይስብም። ራሱን ስቶ ነው መኪናው ውስጥ ያስቀመጡት። አምቡላንስ ቢጠሩ ይድን ነበር።»

 ሳጅን ማክሊን ቀርቦ ክንዱን ሲይዘው መኳንንት እንደ ሕፃን ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ ብርቅነሽን አየ። እሷ ቀለበቱን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ እጇን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከታ ነበር።

በሩ ተዘጋ። ቆንጅት ወደ ቤቷ ሄዳ መተኛት ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ ግን የኩሽናውን ሰዓት አየች።

«መርከቧስ?» አለች ብርቅነሽ።

«ያየ ሰው መማል አለበት» አለች ቆንጅት። «ኪራኮስ የለም። መኳንንትን ፖሊስ ይዞታል።»  ዓይኗ አባይነህ ላይ ነበር።

አባይነህ ከማቀዝቀዣው ተላቀቀ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል።

«እኔ አይቻለሁ» አለ። «ገመዱ ሲበጠስ ከበላዩ ቆሜ ነበር። መርዕድ ሥራው ላይ ነው የሞተው፤ አልጠጣም። ሰክሮ ነው ያልኩት ሐሰት ነው፤ እሱንም እናገራለሁ። ለፖሊስ መዋሸቴን ካወቁ ከዚህ አገር ያባርሩኝ ይሆናል። ያባርሩኝ። ታክሲዬ ውጭ ነው፤ አሁን ከሄድን እንደርሳለን።»

ብርቅነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብላ አየችው። ባሏን ሰካራም ያደረገባት አፍ ይኸው ነው፤ ሊያነጻላት የሚችለውም ሌላ አፍ አልቀረም። ቆንጅት ልታባብላት አልሞከረችም፤ በሩን ብቻ ከፈተችላት።

ብርቅነሽ ተነስታ ካፖርቷን ቆለፈች። በደረጃው ወርዳ፣ በረዶውን አልፋ፣ የታክሲውን የኋላ በር ራሷ ከፍታ ገባች። አባይነህ መሪውን ይዞ በመስተዋቱ ሲያያት አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ።

«ጋሼ አባይነህ፣ በመንገድ ላይ ምንም አይበሉኝ» አለችው። «እዚያ ስንደርስ ይናገሩ።»